ማንም ያልሞተባት መኪና

«ሬሳ የማትይዝ ትሁን እንጂ ሌላው ግድ የለኝም» ሲል ሰማሁት ባሌን። ሱብሒ ሰግዶ ከመስጂድ ተመልሶ፣ ግቢያችን ውስጥ ፒካፑን ተደግፎ ስልክ ያወራል። እኔ በረንዳው ላይ ምንጣፍ አራግፋለሁ፤ ያለሁ አልመሰለውም። «ትንሽ ትሁን፣ ቆንጆ ትሁን፣ የኋላ በሯን ሲከፍቱት ሰው እግሩን ዘርግቶ የማይተኛባት። ገባህ አይደል ሐቢብ? ቃሬዛቸውን ይዘው መጥተው፣ ራሳቸው አይተው እንዲመለሱልኝ ነው የምፈልገው።» ይህን ብሎ ሳቀ። ሰላሀዲን ሲስቅ ከሰማሁ ቆይቻለሁ፤ ጦርነቱ ከኛ ከወሰደው ሁሉ ያ ሳቅ ሳይመለስ ቀርቶ ነበር። ተመልሶ የመጣው በዚህ ነገር መሆኑ አንጀቴን አሳረረው። ምንጣፉን እዚያው ጥዬ ገባሁ።

አዲስ አበባዎች እድር የሚሉትን እኛ ቅሬ እንለዋለን። እዚህ ሐይቅ የኛ ሰፈር ቅሬ እስላም ክርስቲያን ብሎ አይለይም፤ መስጂድም ይሁን ቤተ ክርስቲያን፣ የሞተውን ተሸክሞ ሄዶ ቀብሮ ይመለሳል። ሁሉም ድርሻ አለው። ጉልበት ያለው መቃብር ይቆፍራል፣ ድንኳን ይተክላል። መኪና ያለው ግን መኪናው ነው ድርሻው፤ ዶማ አይጨብጥም። ሰላሀዲን ያንን ፒካፕ ከገዛ ወዲህ ዶማ ጨብጦ አያውቅም፤ እኛም መኪና አለን ብለን አናውቅም። መኪናው የቅሬው ነበር። ታማሚ ደሴ የሚያደርስ እሱ፣ ሬሳ ከደሴ የሚያመጣ እሱ፣ ምጥ የጠናባትን ከአርዲቦ ገጠር ጎትቶ የሚያወጣ እሱ። «ለናፍጣ ይሁንህ» ያለው አንድ ሰው ቢኖር ወላሂ ስሙን እነግራችሁ ነበር። ምርቃት ብቻ ነው። ሸህ ሐሰን፣ የቅሬው ዳኛ፣ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው «አላህ ሀብትህን ያብዛው፣ ጎማህ አይተንፍስ» ይሉታል፤ ሰላሀዲን «አሚን» ይልና በራሱ ገንዘብ ቀድቶ ይሄዳል። እኔ ሞኟ በምርቃቱ እኮራ ነበር።

የአምናው የጥቅምት ሽሽት ሲመጣ ነው ነገሩ የተበላሸው። ከተማው ሊያዝ ነው ሲባል ሰላሀዲን ሰፈሩን እያመላለሰ ደሴ አወጣ፣ ደሴም ስትያዝ ወደ ከሚሴ። ከኋላ እንደ ማገዶ ደርቦ ነው ሰው የጫነው። መንገድ ላይ የሞተ አለ፤ አሮጊትም አለች፣ ሕፃንም አለ። ስንመለስ ደግሞ ቅሬው ከየሜዳው የወደቀውን ሁሉ ይሰበስብ ጀመር። መኪና የተረፈችለት እሱ ብቻ ነው፤ ማን ይሂድ? ያን ሰሞን ምን እንደጫነ ለእኔም አልነገረኝም። ብቻ ከዚያ ወዲህ ጁምዓ በመጣ ቁጥር የፒካፑን የኋላ ሳጥን በኦሞ ያጥባል፤ አጥቦ ያሸታል፤ አሽትቶ እንደገና ያጥባል። እኔ ምንም አይሸተኝም። «አይሸትም እኮ» ስለው፣ «አንቺ አፍንጫሽ ተደፍኗል» ይለኛል። ይህን ስለማውቅ ነው በዚያ ጠዋት ሮጬ ያልጮህኩበት። ሌላ ሰው ቢሆን አፌ ላይ የመጣውን ሁሉ እለቅበት ነበር።

ደግሞ ገንዘቡ አለ። ሱቃችን ቆርቆሮና ሲሚንቶ ነው። በጦርነቱ ጊዜ ሚስማር ሳይቀር ዘርፈው ባዶ አደረጉት፤ ከጦርነቱ በኋላ ግን የሐይቅና የአምባሰል ጣሪያ ሁሉ ተበስቷል፣ ከውጫሌ ሳይቀር እየመጡ ቆርቆሮ ይገዙናል። ሰው ባለቀሰ ቁጥር እኛ እንሸጣለን። ዘንድሮ ሰላም ተፈረመ ሲባል እጃችን ላይ ብር ነበር፤ ብሩ ደግሞ ውሎ ባደረ ቁጥር ይረክሳል። ነጋዴው ሁሉ መኪና ግዛ፣ መኪና ግዛ ነው። ሰላሀዲንም ረመዷን ሳይገባ አንዷን ቀጭን፣ የቆዳ ወንበር ያላትን፣ የሀብታም ሴት የምትነዳትን የጀርመን መኪና ልግዛ አለ። ስሟን እኔ አልይዘውም፤ ምላስ ያስራል።

ቁርስ ላይ «ሰምቼሃለሁ» አልኩት። ዳቦውን ሻይ ውስጥ ነከረ። ከዚያ እውነቱን ነገረኝ። ሐቢብ፣ የኮምቦልቻው ደላላ፣ ሁለት መኪና አዘጋጅቶለታል፤ የአንድ ፋብሪካ ልጆች ናቸው። አንዷ አዲስ፣ ዜሮ ኪሎ ሜትር። አንዷ ያገለገለች። ያገለገለችውን ከገዛን ፒካፑ ቤታችን ይቀራል። አዲሷን ከገዛን ግን ከገንዘቡ ላይ ፒካፑን ጨምረን ለሐቢብ እንሰጣለን። «እንግዲህ ምርጫው ይኼ ነው» አለኝ። እኔ ለማሰብም ጊዜ አልወሰድኩም፤ «ያገለገለችውን!» አልኩ። «ጋሽ አምሳሉ ሆስፒታል ተኝቶ እንዴት አድርገን ነው ፒካፑን የምንሸጠው? በምን ይመለሳል ሰውዬው?» ጋሽ አምሳሉ አጥር የሚያዋስነን ልብስ ሰፊ ነው፤ ሚስቱ እናትነሽ ለኔ እህት ማለት ናት። በጥቅምቱ እኛ ስንሸሽ እነሱ ቀሩ። ታጣቂዎቹ በራችንን ሊሰብሩ ሲመጡ ጋሽ አምሳሉ በሩ ላይ ቆሞ «ይኼም ቤት የኔ ነው» ብሏቸው ደረቱን በሰደፍ ደበደቡት። ሱቁ ተዘረፈ፣ ቤታችን ግን ማንኪያ አልጎደለበትም። እሱ ከዚያ ወዲህ ሰው አልሆነም፤ ሲያስል ደም ይተፋል። ሰላሀዲን ይህን ሳስታውሰው አንገቱን ደፋ። «እሺ፣ ነይና ራስሽ አይተሽ ምረጪ» አለኝ። በትዳር ስንኖር ምረጪ ሲለኝ የመጀመሪያው ነው። አጥሚት አፍልቼ በፔርሙዝ ያዝኩ፤ ደሴ ስናልፍ ለጋሽ አምሳሉ ላደርስለት ነው።

ደሴ ስንደርስ ግን ሐቢብ ደወለ፤ ሌላ ገዥ መጥቷል፣ ቶሎ ድረሱ አለ። የደላላ ወሬ እንደሆነ እኔም ገብቶኛል፣ ሰላሀዲንም ገብቶታል። ሆስፒታሉ ወዳለበት መታጠፊያ ደርሰን «ስንመለስ ተረጋግተን እንጠይቀዋለን» አለ። እኔም «እንግዲህ ስንመለስ» አልኩ። ፔርሙዙ ጭኔ ላይ እንደሞቀ የሐረጎን ጠመዝማዛ ወደ ኮምቦልቻ ወረድን።

የሐቢብ ግቢ በቆርቆሮ የታጠረ ሰፊ ሜዳ ነው፤ መኪኖቹ በላስቲክ ጥላ ሥር ተደርድረዋል። ሐቢብ ጥርሱ የማይከደን፣ እጁ የማያርፍ ሰው ነው። መጀመሪያ ያገለገለችውን አሳየን። ግራጫ ናት። «ሃጃ፣ ግቢባት እስቲ፣ ይቺ እኮ ያልተጎዳች ናት፤ ሴት ናት የያዘቻት» አለኝ። ገባሁ። ወንበሩ ይመቻል፤ ትንሽ የሽቶ ሽታ አለው። ሐቢብ ለሰላሀዲን ስለ ሞተሩ ሲያወራ እኔ በሴት ዓመሌ እጄን እዚህም እዚያም እከታለሁ። ከበሩ ኪስ ውስጥ ማበጠሪያ አወጣሁ። የልጅ ማበጠሪያ፣ ሮዝ። ጥርሱ መሐል ፀጉር አለበት፤ ለስላሳ፣ የሕፃን ልጅ ፀጉር። ክው አልኩ።

«የማን ነበረች መኪናዋ?» አልኩት ሐቢብን።

«የሰው ናት፣ የማን ትሆናለች?»

«ሴትየዋስ የት ናት?»

«ኸረ ሃጃ! ሕጋዊ ናት፣ ሊብሬዋ ንጹሕ ነው። ከወደ ላይ፣ ከሰሜን ነው የመጣችው። በዚያ ሰሞን ስንቱ ነው ንብረቱን የሸጠው?» አለና ማበጠሪያውን ከእጄ ተቀብሎ ከአጥሩ ውጪ ወረወረው። በዚያ ሰሞን። ከወደ ላይ። ሴትየዋ ሸጣት ይሁን፣ ሸሽታ ጥላት ይሁን፣ ገድለዋት ነጥቀዋት ይሁን ማን ያውቃል? ምናልባት ልጅቷ አሁን አንድ ቦታ ታምራ ፀጉሯን ሹሩባ እየተሠራች ይሆናል። ምናልባት። እኔ ግን ወንበሩ ላይ ያለሁ አልመሰለኝም፤ ሰው ላይ የተቀመጥኩ መሰለኝ። በሩን እንኳ ሳልዘጋ ወጣሁ። ሰላሀዲን አየኝ። እሱ ሁልጊዜ የሚሸተው ነገር ያን ጊዜ ለኔም ሸተተኝ።

ከዚያ አዲሷን ከፈተልኝ። ነጭ ናት። ወንበሯ ላይ ላስቲኩ አልተነሳም፤ ስቀመጥ ተንኮሻኮሸ። የቆዳና የሙጫ ሽታ ብቻ ነው ያላት። ማንም አላለቀሰባትም፣ ማንም አላማጠባትም፣ ማንም አልሞተባትም። በሩን ስዘጋው የግቢው ጫጫታ ሁሉ ቁርጥ አለ። ሐቢብ በመስኮቱ በኩል አፉ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፁ አይሰማም። ስንት ዘመኔ እንደዚያ ያለ ዝምታ ውስጥ ከገባሁ! አልዋሻችሁም፣ ደስ አለኝ። እንባዬ እስኪመጣ ድረስ ደስ አለኝ። ጋሽ አምሳሉን አልረሳሁትም፤ ፔርሙዙ ፒካፑ ውስጥ እንዳለ አውቃለሁ፤ ከቤት ስወጣ ምን ብዬ እንደወጣሁም አውቃለሁ። አውቄ ነው መስኮቱን ዝቅ አድርጌ «ይቺን» ያልኩት። ሰላሀዲን «እርግጠኛ ነሽ?» አለኝ። «ይቺ የማንም አይደለችም» አልኩት። ፊቱ በራ። ሐቢብ እጁን አጨብጭቦ «ሃጃ ዓይን አላት!» አለ። ወረቀት ተፈረመ፣ የፒካፑ ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ። ከፒካፑ ፔርሙዜን ብቻ ነው ያወጣሁት።

ገና ከግቢው በር ሳንወጣ ስልኬ ጮኸ። እናትነሽ ናት። ሳነሳው መጀመሪያ ድምፅ አልነበረም፤ መተንፈስ ብቻ። «ኑሪ፣ አምሳሉ ሄደብኝ» አለች። ወየው! ጮህኩ፤ ምን እንዳልኩ አላስታውስም። ሰላሀዲን መኪናዋን ዳር አስያዘ። እናትነሽ ስታለቅስ ቆየችና «የቅሬው ልጆች፣ እነ ኸሚስ፣ እዚህ ናቸው፤ ሆስፒታሉ አሁኑኑ ውሰዱ ይላል። ሰላሀዲን ፒካፑን ይዞ ይምጣልን በይልኝ፤ ከናንተ ሌላ ማን አለኝ?» አለች። ሰላሀዲንም ከአጠገቤ ሆኖ ሰምቷታል። አየኝ፤ አየሁት። ሸጥነው ማለት ይቻል ነበር፤ አሁን ሸጥነው፣ አንድ መኪና ተከራይተን ይዘን እንመጣለን ማለት ይቻል ነበር። ኪሳችን ውስጥ የቀረው ብር አሥር መኪና ያከራያል። አፌ ግን የራሱን መንገድ ሄደ። «ውይ እናትዬ፣ ፒካፑ እኮ ተበላሽቶ ጋራዥ ገብቷል። ኮምቦልቻ ላይ ቆመን ቀረን» አልኳት።

«ውይ!» አለች። «እናንተስ? ምንም አልሆናችሁም? አልተገለበጣችሁም?»

ባሏ ከሞተ ሰዓት ያልሞላት ሴት ናት ይህን የምትጠይቀኝ። «ደህና ነን» አልኳት። «ተመስገን፣ በሉ አይዟችሁ» አለችና ዘጋች። እኔን አይዞሽ አለችኝ። ሰላሀዲን መሪውን እንደያዘ «አላህ ይስጥሽ» አለኝ፤ ስለዋሸሁለት ነው የመረቀኝ። ያን ጊዜ ብተፋበት ደስ ባለኝ። ግን በምን አፌ? መኪናዋን የመረጥኩት እኔ፣ የዋሸሁት እኔ።

ደሴ ደርሰን ሆስፒታሉ መታጠፊያ ጋ ስንቃረብ «እናትነሽን እንኳ እንያዛት» አልኩት። «ከኋላ ሦስት ሰው ይይዛል።» ሰላሀዲን «ጋራዥ ነን ብለሻታል እኮ። በምን መጣችሁ ስትል ምን ልንላት ነው?» አለ። እውነቱን ነው። አንዴ ከዋሸህ ወዲያ ደግ ለመሆን እንኳ መንገዱ ይዘጋብሃል። ቀጥ ብለን አለፍን። መኪናዋ ጉድጓድ ላይ ስትሄድ እንኳ አታስታውቅም፤ ወንበሩ ከሥር ይሞቃል። የሚያሞቀውን ቁልፍ ሰላሀዲን ነው የነካው፤ እኔ አጥፋው አላልኩትም።

ጢጣን አልፈን ትንሽ እንደሄድን ከፊታችን አንድ አይሱዙ ቀስ እያለ ይሄዳል። ፍየል ደሴ አራግፎ የሚመለስ ነው፤ ሳጥኑ ላይ በጠጡ ገና አልተጠረገም። በበጠጡ ላይ ጋቢ የለበሱ ሰዎች ተቀምጠዋል፣ መሐላቸው በነጭ አቡጀዴ የተጠቀለለ ነገር አለ። ኸሚስን በቆቡ ለየሁት። እንዳይንገላታ ሬሳውን በሁለት እጁ ደግፎታል። ሰላሀዲንም አይቷል። ከኋላ ተከትለን ብንሄድ እስከ ሐይቅ ድረስ ዓይናቸው ላይ ነን፤ ብናልፋቸውም ያዩናል። ጥሩምባ አሰማና አለፋቸው። አቧራው በሬሳው ላይ ቦነነ። ሳልፍ ቀና ብዬ ሳይ ጋቢናው ውስጥ፣ ከሹፌሩ አጠገብ፣ እናትነሽ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ተቀምጣለች። ፊቷ ወደኛ ነው። አታየንም፣ መስታወቱ ጥቁር ነው። እኔ ግን ቁልጭ አድርጌ አየኋት።

ሰፈር ስንደርስ ፀሐይ ወደ ተራራው ማዶ አዘቅዝቃለች። ሰላሀዲን በጓሮ መንገድ ልግባ ብሎ ነበር፤ እዚያ ደግሞ አሸዋ ደፍተውበታል። ድንኳኑ ከእናትነሽ በር እስከኛ በር ድረስ መንገዱን ዘግቶ ተተክሏል። የተሰበሰበው ሰው ነጯን መኪና ሲያይ የትልቅ ሰው መሰለውና ተነሳ። ሸህ ሐሰን በዘንጋቸው እየጠቆሙ «አግዳሚውን አንሱ፣ እንግዶቹን አሳልፉ» አሉ። ሽማግሌዎች አግዳሚ አንስተው ግድግዳ ላይ ተጣበቁልን። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ምን ነበረበት! ሰላሀዲን መስታወቱን ዝቅ አደረገ። ሸህ ሐሰን ጎንበስ ብለው አዩን። «ማሻ አላህ፣ መብሩክ» አሉ። የጋራዡ ወሬ ቀድሞን ደርሷል፤ «ፒካፑስ፣ ተሠራ?» አሉ። «ይሠራል፣ ኢንሻ አላህ» አለ ባሌ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ። መኪናዋን ግቢ አስገብቶ በአዲስ አንሶላዬ ሸፈናት።

ወዲያው አይሱዙው ደረሰ፤ ለቅሶው ቀለጠ። ኸሚስ ከላይ ሲወርድ ዓይኑ በተከፈተው በራችን በኩል አንሶላው ላይ አረፈ። ከሥሩ ጎማው ይታያል። «ቅድም ያለፈችን ይቺ ናት እንዴ?» አለ። በቁጣ አላለውም፤ እንደሚገርመው ሰው ነው ያለው። ሸህ ሐሰን «በል ሬሳውን ያዝ» አሉት። ሰላሀዲን ሮጦ የቃሬዛውን አንድ እግር ሊይዝ ሲል ኸሚስ ቀድሞ ትከሻውን አገባ። «ተው፣ ልብስህ ይቆሽሻል» አለው። «ነገ ቁፋሮው ላይ እኔም እመጣለሁ» ቢላቸው «ኧረ ሰው ሞልቷል፣ አንተ ሥራህን ሥራ» አሉት። ሁሉም በደህና ቃል ነው የሚናገሩት። አንድ ሰው እንኳ ቢሰድበን ምናለበት! ሰላሀዲን ድንኳኑ መሐል እጁን አንጠልጥሎ ቀረ።

እኔ አልቅሼ ስጨርስ እንደ ዓመሌ ወደ ጓሮ ዞርኩ። ለቅሶ ቤት የቅሬ ሴት አትቀመጥም፤ እጅጌዋን ሰብስባ ጓሮ ትገባለች፣ ያገኘችውን ትይዛለች። የሚቀመጠው ከሌላ አገር የመጣ ለቀስተኛ ነው። ሁዳዴ ስለሆነ ለነገ ምስር ይለቀማል፣ ሽንኩርት ይላጣል። ሴቶቹ ክብ ሠርተው ነበር። ሰላም አልኳቸው፣ መለሱልኝ። አንድ ቢላዋ አንስቼ ልቀመጥ ስል ጥሩብርሃን፣ ትንሿ፣ እኔ ሥራ ያስተማርኳት፣ ተነሥታ ቢላዋውን ቀስ ብላ ከእጄ ወሰደችው። «ተይ እትዬ ኑርሀያት፣ ደክሞሻል» አለችኝ። «አልደከመኝም» አልኳት። «ኧረ ከመንገድ እኮ ነው የመጣሽው» አለችና ክንዴን ይዛ እያባበለች ወደ ቤት አስገባችኝ። ሌሎቹ ቀና አላሉም፤ የሽንኩርቱ መላጥ አልተቋረጠም።

ቤት ውስጥ ከግድግዳው ጥግ የፕላስቲክ ወንበር አመጡልኝ። ሌሎች ሴቶች ምንጣፍ ላይ ናቸው። እናትነሽ መሬት ላይ በተዘረጋው ፍራሽ ላይ ናት፣ ዙሪያዋን ሰው ይዟታል። ድምፄን ስትሰማ ዓይኗን ከፈተች። ሄጄ እግሯ ሥር ልወድቅ፣ «ዋሽቼሻለሁ፣ እኔ ነኝ የመረጥኳት» ልላት ከወንበሩ ተነሣሁ። ጥሩብርሃን መልሳ አስቀመጠችኝ፤ በሌላ እጇ ማስታጠቢያና ጆግ ይዛለች። እናትነሽ ለረጅም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ ለጥሩብርሃን፣ በዚያ በደከመ ድምጿ፣ «እንግዳዬን ደህና አድርገሽ አብይልኝ፤ ከሩቅ ነው የመጣችው» አለቻት።

እጄን ታጠብኩ፤ ንፍሮ ቀርቦልኝ ሁሉም እያዩኝ በላሁ።